ሰማይ ላይ ቡና የት ነው? አቦልን ፍለጋ በባይናኩላር

ቀልድ አይደለም። ሰማይ ላይ ቡና የምትባል ኮከብ አለች፤ እሷን የሚዞራት ፕላኔት ደግሞ ስሙ አቦል ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብ ከነፕላኔቱ ስም እንዲያወጣ ዕድል ሰጥቶ ነበር። ከኛ የሄደው ስም ይሄ ነው። አቦል ሲባል ታዲያ ስኒ የሚያክል እንዳይመስላችሁ፣ ክብደቱ ቢያንስ ከ4 ጁፒተር ይበልጣል።

ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ አቦልን አታዩትም። የምታዩት ቡናን ነው።

ጥሩው ጊዜ ታኅሣሥ ነው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ። ጨረቃ የሌለችበትን ምሽት ምረጡ። ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ፣ መብራት ሲጠፋ የማትናደዱበት ብቸኛ ቀን ይሄ ይሆናል። ስልካችሁን ኪስ ክተቱና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ያህል ቆዩ። ቡና በባዶ ዓይን አትታይም፤ ተራ 10 በ50 ባይናኩላር (10 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ) ግን ይበቃል።

አሁን ወደ ሰሜን ዙሩ። በግራችሁ፣ ወደ ምዕራብ፣ አራት ኮከቦች የሠሩት ትልቅ አራት ማዕዘን አለ፤ ፔጋሰስ ነው። የሰሜን ምሥራቁ ጥግ አልፌራትዝ ይባላል። ከሱ ተነስታችሁ ወደ ቀኝ ስትሄዱ ብርሃናቸው እኩል የሚመስል ሁለት ኮከቦች በተርታ ታገኛላችሁ፤ መጀመሪያ ሚራክ፣ ቀጥሎ አልማክ። ይሄ ሰልፍ አንድሮሜዳ ነው። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት (ያኔ ኢትዮጵያ የሚሉት ከዛሬው ካርታ ጋር አንድ ባይሆንም)፤ ቡናም የምትገኘው እዚሁ እሷ ክልል ውስጥ መሆኑ ደስ ይላል።

አልማክ ላይ ቁሙ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁ ከሚሸፍነው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ወደ ቀኝ፣ አልጎል አለ። አልጎል በየ3 ቀኑ ገደማ ለጥቂት ሰዓት ይደበዝዛል፤ ያ ምሽት ከገጠማችሁ እንዳትደናገሩ።

ባይናኩላሩን የሁለቱ መሃል ላይ አሳርፉ። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የሁሉም ሰው እጅ፤ ስለዚህ ክርናችሁን አጥር ወይም የመኪና ጣራ ላይ አስደግፉ። ትሪ ላይ እንደፈሰሰ ስኳር የተበተኑ ደቃቅ ኮከቦች ከታዩአችሁ ደርሳችኋል፤ ኤም 34 የሚባለው የኮከቦች ስብስብ ነው። ከሱ ወደ ላይና ወደ ግራ፣ ሁለት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ከሚይዙት ቦታ ትንሽ አለፍ ብላ፣ ቡና ትገኛለች። እርግጠኛ ለመሆን ስቴላሪየም የሚባለው አፕ ላይ ኤችዲ 16175 (HD 16175፣ የቡና የመዝገብ ስሟ ነው) ብላችሁ ፈልጉና ከምታዩት ጋር አስተያዩት። እኔ ያለሱ አልሞክርም።

የምታዩት ብርሃን ከተነሳ 200 ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ ያኔ የቋራው ካሳ ገና ልጅ ነበር።

አቦልንም ቢሆን ማንም በዓይኑ አይቶት አይደለም። ያሳበቀችው ቡና ናት። ሕፃን ሁለት እጁን ይዛችሁ ስታሽከረክሩት እናንተም ወደ ኋላ ጋደል ትላላችሁ አይደል? ኮከቧም እንደዚያው አንዴ ወደኛ ቀረብ፣ አንዴ ራቅ ትላለች፤ ብርሃኗም በዚያው ልክ ትንሽ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቀይ ሸርተት ይላል። ተመራማሪዎች ይሄን ለክተው ነው አቦል መኖሩን በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጁት። አቦል አንድ ዙር ለመጨረስ 1,000 ቀን ግድም ይፈጅበታል። መንገዱ ክብ ሳይሆን የተለጠጠ ነው፤ አንዴ መሬት ለፀሐይ ከምትቀርበው በላይ ለቡና ይጠጋና ከዚያ ማርስ ከፀሐይ ካላት ርቀት እጥፍ በላይ ይሸሻል።

ዋሽንግተን ወይም እስራኤል ያላችሁ፣ ለናንተ ቦታው አናት ላይ ስለሚውል ግራና ቀኙን ከአፑ ላይ እዩ። ደግሞ ቆማችሁ አትሞክሩት፤ የሚተኛ ወንበር አውጡ፣ አንገታችሁ ይተርፋል።