ፓይናችሁ ቢጫ ሆነ? መጀመሪያ ከየት እንደጀመረው እዩ

በመትከያ (በማሰሮ) አሳድጋችሁ እየቀረጻችሁ በትንሹ የምትይዙት ፓይን፣ ቦንሳይ የሚባለው፣ ሕመሙን ቶሎ አይናገርም። ሥሩ ከተበላሸ በኋላ እንኳ ቅጠሉ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ዛሬ የምታዩት ቢጫ ከወራት በፊት የሆነ ነገር ውጤት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቢጫ ባያችሁ ቁጥር ውሃና ማዳበሪያ ይዛችሁ አትሩጡ። ብዙ ዛፍ የሚሞተው በዚህ ጥድፊያ ነው።

ዛፉ በእርግጥ ፓይን መሆኑንም አረጋግጡ። በሀገራችን ደጋ በብዛት የተተከሉት ፓቱላና ራዲያታ የሚባሉት የፓይን ዝርያዎች ናቸው። ሁለቱም መርፌ መሳይ ረጅም ቅጠል አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆኖ ከአንድ ነጥብ ይወጣል። የፈረንጅ ጥድ ቅጠል ግን ደቃቅና ከቅርንጫፉ ጋር የተጣበቀ ነው። እሱ አጥር ሆኖ በመቀስ ሲከረከም ይችላል። ፓይን ግን እንደዚያ አይያዝም።

ከውስጥ በኩል ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ብቻ ቢጫ ሆነው ይረግፋሉ

ጫፉ ለምለም ከሆነ ምንም አልሆነም። የፓይን ቅጠል ሁለት ሦስት ዓመት አገልግሎ ይወድቃል። የረገፈውን ልቀሙና ዛፉን ተዉት።

ዛፉ በሙሉ ይደበዝዛል፣ የቅጠሉ ጫፍ ይቀላል

ይሄ የውሃ ጉዳይ ነው። ግን ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ምክንያቱ አንድ አይደለም።

ደሴ ላይ ጠላቱ የክረምት ውሃ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ አያባራም፣ ጉሙ አይገለጥም፣ የመትከያው አፈር ደግሞ ጥቁር ጭቃ ከሆነ ሥሩ አየር ያጣል። ውሃ አፍስሱበት። ወዲያው ወደ ታች ካልሰረገና ላይ ኩሬ ከሠራ ጥፋቱ እዚያ ነው። ከጠርዝ በኩል ትንሽ ቆፍራችሁ አንድ ሥር አውጡ። ጤነኛ ሥር ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ስትይዙት ልጡ ተገፎ እጃችሁ ላይ ይቀራል።

መፍትሄው አፈሩን መቀየር ነው። ለግንባታ የሚሸጠውን ቀይ አሽ በወንፊት ንፉ። ዱቄቱን ጣሉት፣ አተር የሚያህለውን አስቀሩ። ሁለት እጅ ቀይ አሽ ከአንድ እጅ የበሰበሰ ብስባሽ ጋር ቀላቅሉ። የበሰበሰውን ሥር ቁረጡ፤ ጤነኛውን ግን በውሃ አትጠቡ። በሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታ የመሰለ ነገር ካያችሁ አትደንግጡ። ፓይን ከአፈር ምግብ እንዲያገኝ የሚያግዘው ፈንገስ ነው። ከአሮጌው አፈር የተወሰነ እፍኝ ወደ አዲሱ መልሱ የምለውም ለዚሁ ነው።

ሥሩ ጤነኛ ሆኖ መትከያ ብቻ ለመቀየር ከሆነ ግን አትቸኩሉ። ቡቃያው ማበጥ እስኪጀምርና ሰኔ ላይ ዝናቡ እስኪገባ ጠብቁ።

ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ በጋው ይጠብሳል። እዚያ የሚበዛው የላይኛው አፈር ርሶ ውስጡ ደረቅ ሆኖ መገኘቱ ነው። ቀጭን ደረቅ እንጨት እስከ ታች ሰክታችሁ ጥቂት ቆይታችሁ አውጡት። ደርቆ ከወጣ ውሃው አልደረሰም ማለት ነው። ከታች እስኪፈስ አጠጡ፣ ትንሽ ቆዩና ድገሙ። ዛፉን ግን ጥላ ውስጥ አትክተቱት። ፓይን ፀሐይ ይፈልጋል። ከፀሐይ መጠበቅ ያለበት መትከያው ራሱ ነው፤ ጎኑን በጆንያ ሸፍኑት።

ቅርንጫፉ ውስጡ ራቁቱን ቀርቶ ጫፉ ላይ ብቻ ቅጠል አለው

በዓመታት የተለፋበትን ቅርጽ የሚያጠፋው ይሄ ነው። ጫፉ ሲበረታ ውስጡ ላይ ያጠላበታል፣ ብርሃን ያጣው ውስጥ ይሞታል። ፓይን ደግሞ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት ዳግም አያቆጠቁጥም። ራቁት ቅርንጫፍ ቆርጦ «ያወጣ ይሆናል» ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ሁልጊዜ ከምትቆርጡበት ቦታ በታች ለምለም ቅጠል ይቅር።

ዋናው ሥራ ቡቃያው ላይ ነው። አዲሱ ቡቃያ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ረዝሞ ቅጠሉ ገና ሳይዘረጋ በጣታችሁ ያዙት፣ ግማሹን ቀንጥሱ። ቀጭ ብሎ ይሰበራል። መቀስ አትጠቀሙ፤ የተቆረጠው ቅጠል ጫፉ ቡናማ ይሆናል። የላይኛው ቡቃያ ጉልበተኛ ስለሆነ አብዝታችሁ ቀንሱለት። የታችኛውንና ደካማውን አትንኩ። ይህን በየዓመቱ ካደረጋችሁ ጉልበቱ ወደ ውስጥና ወደ ታች ይመለሳል። ከላይ የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ ደግሞ ዝናብ ሲያቆም፣ ጥቅምት ላይ አሳሱት። ሥሩን በነካችሁበት ዓመት ግን ትልቅ ቅርንጫፍ አትቁረጡ። አንዱ ሥራ ከሌላው አንድ ዓመት ይራቅ።

ቅጠሉ ከልክ በላይ ይረዝማል፣ ዛፉ ይንዘላዘላል

ወይ ጥላ ነው፣ ወይ ዩሪያ በዝቷል። ዩሪያውን ተዉት፤ በተለይ መስከረምና ጥቅምት ላይ። የደሴ የኅዳር ውርጭ ለጋውን ቡቃያ ያገኘዋል። ፓቱላ ከሆነ ግን ቅጠሉ በተፈጥሮው ረጅምና ወደ ታች የሚንጠለጠል ነው። በእኔ አስተያየት ትንሽ መትከያ ውስጥ ማስጨነቁ ዋጋ የለውም። መሬት ላይ ትከሉትና በትልቁ ቅረጹት፣ ያምርበታል።

ቅርንጫፉን ለመቅረጽ የጠመጠማችሁት ሽቦ ጠባሳ ጥሏል

ቅርንጫፉ ሲወፍር ሽቦው ልጡን ይበላዋል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ፈጥኖ ይወፍራል። በየሳምንቱ እዩት። መስመጥ ከጀመረ በመቁረጫ እየቆራረጣችሁ አንሱት፤ ልፍታ ካላችሁ ልጡ አብሮ ይነሳል። ቅርንጫፉ ወደነበረበት ከተመለሰ ሌላ መስመር ይዛችሁ እንደገና ጠምጥሙ። ጥልቀት የሌለው ጠባሳ በዓመታት ይሸፈናል።

በቅጠሉ መነሻ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ተጣብቋል

አፈር ውስጥ ሥሩ ላይ ያለው ነጭ ፈንገስ ወዳጅ ነው፤ ቅርንጫፍ ላይ ያለው ግን ጭማቂ የሚመጥ ነፍሳት ነው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በቀጭን የሳሙና ውሃ አጽዱት፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ከሳምንት በኋላ ድገሙት፤ እንቁላሉ የተደበቀው ስንጥቁ ውስጥ ነው።