ክፉ ቀን ሲመጣ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

መከራ የማይጎበኘው ቤት የለም። የኛ ሰሜን ሸዋም ያውቀዋል። መንዝና ጊሼ ላይ ገብሱ ሊደርስ ሲል ውርጭ ይመታዋል። አንዳንድ ዓመት በልጉ ጨርሶ ይቀራል። አጣዬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ ጥሪቱ በእሳት ያለቀበት ሰው ብዙ ነው። ከወለጋና ከሌላም ቦታ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የተጠለሉ ወገኖቻችንም ኑሮን ከባዶ ጀምረዋል።

ከእንዲህ ዓይነት መከራ የተነሱ ሰዎችን ቀረብ ብዬ ሳይ አንድ ነገር ይታየኛል። ብዙ ሰው የሚወድቀው መከራው በደረሰበት ዕለት አይደለም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ብቻውን ሆኖ ተጣድፎ በሚወስነው ነገር ነው። ስለዚህ እነዚህን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

ችግርን መደበቅ

ከሁሉም የከፋው ይኼ ይመስለኛል። አገራችን ይሉኝታ የሚከብድበት አገር ነው። ጎተራው ባዶ ሆኖ ለእንግዳ እንጀራ ይቀርባል። ገበና አይወጣም። ክብር ጥሩ ነው፤ ግን ብቻችንን ሲያስቀረን ይጎዳናል።

መንዝ ውስጥ የማውቀው አንድ ገበሬ ነበር። ሰኔ መግቢያ ላይ ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱ ገደል ገባበት። ለማንም ትንፍሽ አላለም። መሬቱን የእኩል ሊሰጥ ልቡ ቆርጦ ነበር። አንድ ማለዳ በዕድሜ የሚያንሰው ጎረቤቱ ደጁ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ቀንበሩ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ አየሁት። ምነው ዝም አሉ?»

«ምን ልበል ብለህ ነው ልጄ። የእግዜር ቁጣ ነው።»

«እኔም እኮ ያለኝ አንድ በሬ ነው። የሚያቀናጀኝ አጥቼ አገር ለአገር እዞራለሁ፣ እርስዎ እዚህ ተደብቀው ይቀመጣሉ!»

በዚያው ቀን መቀናጆ ገቡ። አንድ ቀን የአንዱ ማሳ፣ በማግስቱ የሌላው። ሁለቱም በጊዜ ዘሩ። ልብ በሉ፤ የአንዱ ዝምታ ሌላውንም ሥራ አስፈትቶት ነበር። ችግራችንን ስንደብቅ የኛን እርዳታ ከሚፈልገው ሰውም እንደበቃለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እውነት ነው። ሁሉም ይስማ ማለቴ አይደለም። ግን አንድ የልብ ጎረቤት፣ የእድሩ ዳኛ፣ ወይም የንስሐ አባት መስማት አለበት፤ ያውም በመጀመሪያው ሳምንት።

የነገ መነሻን መሸጥ

የመንዝ ሰው ባንኩ በጉ ነው። ክፉ ዓመት ሲመጣ በግ ይሸጣል፤ ትክክል ነው። ስህተቱ የቱን እንደሚሸጥ አለማሰቡና መዘግየቱ ነው። ሁሉም ሰው ከስቶ የቀረ በጉን እየነዳ ገበያ ሲወጣ የበግ ዋጋ ይወድቃል፣ የእህል ዋጋ ይሰቀላል። በልጉ እንደማይዘንብ ከታወቀ ሥጋቸው ሳይጎድል ሙክቶቹን፣ ወንድ ጠቦቶቹን፣ ያረጁና የማይወልዱ ሴት በጎችን ማስቀደም ይሻላል። ወጣት እናት በጎች የመጨረሻ ናቸው። እነሱ ከተረፉ በጎቹ በጥቂት ዓመት መልሰው ይረባሉ። እነሱ ከተሸጡ ግን ዝናቡ ሲመለስ ሜዳው በሣር ተሞልቶ የሚግጠው ይጠፋል።

ከተማም ያው ነው። የልብስ ስፌት መኪናዋን ሸጣ ኪራይ የከፈለች ሴት በሚቀጥለው ወር ኪራዩም የላትም፣ መኪናውም የለም። ቴሌቪዥኑ ይሂድ፣ ሶፋው ይሂድ። እንጀራ የሚያበላው ዕቃ ይቆይ። አራጣ ደግሞ በጭራሽ! እዚያ በር የገባ ሰው ሲወጣ ያየሁት ጥቂት ነው።

አባቶቻችን ይህን በደንብ ያውቁት ነበር። መንዝ ውስጥ ያለውን የጓሳን ሣር ያቆዩልን በቄሮ፣ ማለትም ሣሩን በጋራ ዘግቶ በመጠበቅ ሥርዓት ነው። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይ ነበር። ሲከፈት ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ግጦሽ ይሆን ነበር። ድርቅ ሲጠና መጠጊያው እሱ ነበር። ማንም እንደልቡ ገብቶ ቢያጭደው ኖሮ ለክፉ ቀን የሚተርፍ ነገር አይኖርም ነበር። ዛሬም ማኅበረሰቡ ጓሳን በራሱ ደንብ ይጠብቀዋል።

ለተዝካር ብሎ መክሰር

ይህን ስጽፍ የሚቀየመኝ እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን ዝም አልልም። የቤቱ አባወራ ሞቷል። ልጆቹ ትንንሽ ናቸው። በአርባው ቀን በሬው ይታረዳል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ አገር ይበላል። በማግስቱ እናትየዋ በሬ የላትም፣ ዕዳ ግን አላት። ለሙት ጸሎቱና ፍትሐቱ ይደረግለት። ለድሀ የሚሰጠው በአቅም ይሁን። የእድር ሰዎችና ዘመዶች ደፍረው «እትዬ፣ ዘንድሮ ዳቦና ንፍሮ ይበቃል፤ ማንም አይታዘብሽም» ቢሏት ትልቅ ውለታ ነው። እሷ ራሷ ይህን ማለት አትችልም። ይሉኝታው ይይዛታል።

በኀዘን መሃል ትልቅ ውሳኔ መወሰን

ቤቱን ሽጦ መሰደድ፣ ልጅን ከትምህርት ማስወጣት፣ ከትዳር መውጣት። ሊጠብቅ የሚችል ነገር ሁሉ ይጠብቅ።

«እንደ ድሮው ካልሆነ» ማለት

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገራችን ያየችውን ክፉ ቀን አስቡ። የደስታ በሽታ ከብቱን ጨረሰው። በበሬ ብቻ ሲያርስ የኖረ ሕዝብ ያለ በሬ ቀረ። መሬቱ አለ፣ የሚያርሰው የለም። በዶማ መቆፈር እንደ ውርደት ይታይ ስለነበር ብዙ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ያኔ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ንጉሥ ሲቆፍር ያየ ሰው ማፈሩን ተወ።

ዛሬም ይህ ስህተት አለ። ነጋዴ የነበረ ሰው ሱቁ ሲቃጠል «እኔ ጉልት ላይ ልቀመጥ?» ይላል። መሬት የነበረው ተፈናቃይ የቀን ሥራ ያሳፍረዋል። ስሜቱ ይገባኛል። ያጣው ትልቅ ነው፤ ሊያለቅስለትም ይገባል። ግን የድሮው ኑሮ እስኪመለስ እጅ አጣጥፎ መጠበቅ ቀሪውን አቅም ይበላል። ጉልቱ ላይ የተቀመጠች ሴት ቢያንስ ደንበኛ ታፈራለች፣ ወሬ ትሰማለች፣ እቁብ ትገባለች።

አጽናኞች የምንሳሳተው

«እግዜር የሚወደውን ይፈትናል»፣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም»፣ «ከአንተ የባሰ ስንት አለ»። እነዚህን እንተዋቸው። ኀዘንተኛው ዝም የሚለው ተጽናንቶ ሳይሆን መልስ አጥቶ ነው። ሌላው ስህተት ደግሞ ሰልስት ድረስ ቤቱን ሞልተን፣ ድንኳኑ ሲነሳ አብረን መጥፋታችን ነው። ቤቱ ጭር የሚለው ያኔ ነው። ያኔ ውሃ ቀድቶ የሚያስቀምጥ፣ ከብቱን የሚያግድ፣ ማታ ቡና የሚያፈላ ሰው ያስፈልጋል። «ምን ልርዳህ?» ብሎ ከመጠየቅ «ነገ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት እኔ አደርሳለሁ» ማለት ይሻላል።

ጸበልና መድኃኒትን ማጣላት

ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም በያመቱ ስንቱን ይቀበላሉ። ጸበሉ፣ ጸሎቱ፣ አብሮ የሚያድረው ሰው የተሰበረን ልብ ይደግፋል። ስህተቱ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ማቆም ነው። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ካህናቱም ይህን ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ። መከራ የደረሰበት ሰው ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ከሰው ከራቀ ወይም «ሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመረ ቀልድ አይደለም። ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። «ሂድ ታከም» ብሎ መላክ ብቻውን አይበቃም፤ መንገዱን አብራችሁት ሂዱ፣ ተራውንም አብራችሁት ጠብቁ።