የፖለቲከኛ ገበሬ ወረቀቶች፦ ከቤተ መዛግብት በፊት ቤተሰቡ የሚፈጽማቸው ስህተቶች

በእርሻ ኖሮ በፖለቲካ የተሳተፈ ሰው ሲሞት የሚተወው ወረቀት ዥንጉርጉር ነው። የማኅበር ቃለ ጉባኤ ከዘር መግዣ ደረሰኝ ጋር ተጣጥፎ ይገኛል፤ የባለሥልጣን ደብዳቤ ጀርባ ላይ የወተት ሒሳብ ተደምሮበታል። አይጥና እርጥበት ለዓመታት ያልደፈሩት ይህ ክምር ወደ ቤተ መዛግብት ሊሄድ ሲል በቅን ልቦና የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ፖለቲካውን ከእርሻው መለየት ነው። ቤተሰቡ ደብዳቤውንና ንግግሩን «ታሪክ» ብሎ ያስቀምጥና የከብቱንና የእህሉን ደብተር ይጥላል። ሰውየው በስብሰባ ላይ ስለ ግብር የተቆጣበት ምክንያት ግን ያለው እዚያው ደብተር ውስጥ ነው፦ በዚያ ዓመት ምን ያህል ዘርቶ ምን ያህል እንዳፈሰ፣ ከማን እንደተበደረ፣ ምርቱን በስንት እንደሸጠ። ጆርጅ ዋሽንግተንን እንውሰድ። ዓለም የሚያውቀው በጦር መሪነቱና በፕሬዚዳንትነቱ ነው፤ እርሱ ግን አገር እየመራም ከማውንት ቨርኖን እርሻው በየሳምንቱ ሪፖርት ያስልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1799 በእርሻው ላይ የነበሩትን 317 በባርነት የተያዙ ሰዎች የመዘገበበት ዝርዝርም አለ። መልኩ ተራ የንብረት ቆጠራ ነው። የእነዚያን ሰዎች ስም፣ ሙያና የቤተሰብ ትስስር ለሚፈልግ ግን ከዋሽንግተን የፖለቲካ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አይተካከሉትም፤ ስለ ነጻነት የተዋጋውን ሰው ለመመዘንም እንዲሁ።

ሌላው ጥፋት «ማደራጀት» የሚል የክብር ስም አለው። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይነሣና ሁሉን በዓመተ ምሕረት ይደረድራል፤ ወይም ደብዳቤውን ለብቻ፣ ፎቶውን ለብቻ፣ ደረሰኙን ለብቻ ያደርጋል። ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን የብድር ውሉ ከአቤቱታው ጋር በአንድ ፖስታ የተቀመጠው ባለቤቱ አንድ ጉዳይ ናቸው ብሎ ስለነበር ነው፤ ሲለያዩ ያ ምስክርነት ይሞታል። ለዚህ ነው የመዛግብት ሙያ ሁለት ሕግ ያለው። አንደኛው በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1841 በመመሪያ የወጣው፣ የአንዱን ባለቤት ሰነድ ከሌላው እንዳይደባለቅ የሚያዝዘው ነው። ሁለተኛው ባለቤቱ ያስቀመጠበትን ቅደም ተከተል መጠበቅ ሲሆን፣ ሦስት የኔዘርላንድ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተሙት መመሪያ ጎልቶ ወጥቷል። እናም ሳጥኑን አይበትኑ። ከየትኛው መሳቢያ ምን እንደወጣ በእርሳስ ጽፈው እንዳለ ያስረክቡ።

አሳፋሪ የመሰለውን ማቃጠልስ? ማርታ ዋሽንግተን ከባሏ ጋር የተጻጻፈችውን ደብዳቤ አቃጥላለች፤ የተረፈው በጣት የሚቆጠር ነው። ሐዘኗን እረዳለሁ። ሆኖም ዛሬ መካከለኛ መንገድ አለ፦ ቤተ መዛግብቱ ሰነዱን ተቀብሎ እስከ ተወሰነ ዓመት ለአንባቢ እንዳይከፍት በጽሑፍ መስማማት። «ለዘላለም ይዘጋ» ማለት ግን ብዙ ተቋማት አይቀበሉትም፤ ቀኑን ይቁረጡ።

ለዘመድና ለወዳጅ ማስታወሻ እያሉ ማደልም አለ። የዋሽንግተንን ጽሑፎች ለኅትመት ያዘጋጀው ጃሬድ ስፓርክስ፣ ዋሽንግተን በእጁ ገልብጦት ሳያሰማው የቀረውን የበዓለ ሲመት ንግግር ቆራርጦ ለእጅ ጽሑፍ ሰብሳቢዎች አድሏል። ቁርጥራጮቹን መልሶ መሰብሰብ የተመራማሪዎች ሥራ ሆኖ ቀረ። ይኸው ሰው ሲያሳትምም የዋሽንግተንን ቋንቋ እያቃና ነበር። የገበሬ አባት የፊደል ግድፈት ልጅን ያሳፍር ይሆናል፤ ድምፁ ግን ያለው በግድፈቱ ጭምር ነው።

የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍና በላሚኔሽን ማሸግ አይገባም። ሙጫው ወረቀቱን ያቢጫል፤ የታሸገውን መልሶ ማላቀቅም እጅግ ከባድ ነው። አግራፍና ስፒል ስለሚዝጉ በጥንቃቄ ይነቀሉ፤ አብረው የተያዙት ወረቀቶች ግን በአንድ ንጹሕ ወረቀት ተጠቅልለው አብረው ይቆዩ። የጋዜጣ ቁራጭ አሲዱ ወደ ጎረቤቱ ስለሚሻገር ለብቻው ይቀመጥ። ስካን አድርጎ ዋናውን መጣል ደግሞ ከቶ አይታሰብ።

ብዙ ቤተሰብ የማያስበው አንድ ነገር አለ። በሳጥኑ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ለሰውየው የተላከው ነው፤ እርሱ የጻፈው በተቀባዮቹ ቤት ነው። ሌላው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን፣ እርሱም ባለ እርሻ፣ የላከውን ደብዳቤ በመገልበጫ መሣሪያ እያባዛ ያስቀርና የላከውንም የተቀበለውንም በዝርዝር ይመዘግብ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ ነው። ስለዚህ የካርቦን ቅጂ ካገኙ እንደ ትርፍ ወረቀት አይቁጠሩት፤ የድሮ የትግል ጓዶችን ቤተሰቦችም ይጠይቁ።

ርክክቡ በቃል አይለቅ። ወረቀቱን መስጠትና የማሳተም መብቱን መስጠት የተለያዩ ናቸው፤ በብዙ አገሮች የደብዳቤ የማሳተም መብት የጸሐፊው ወይም የወራሹ እንጂ የተቀባዩ አይደለም። ስለዚህ ማን ምን እንደሰጠና ቤተ መዛግብቱ የማይፈልገውን ምን እንደሚያደርገው በጽሑፍ ይስፈር።

ፎቶዎቹን ግን ለመጨረሻ አያቆዩ። በማኅበሩ ጉባኤ ፎቶ ላይ ከኋላ የቆሙትን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ካሉ ዛሬውኑ አጠገባቸው ይቀመጡ፤ ስሞቹንም በጀርባው ጠርዝ ላይ ለስላሳ እርሳስ ሳይጫኑ ይጻፉ።