ኪቦርዱን ለማያውቀው ስጡት

ጎንደር ላይ ኮድ የሚማር ልጅ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚማረው። ዩቲዩብ አለ፣ ላፕቶፕም ከየትም ይገኛል። አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ቆይ፣ እሱን ለምን እንደዛ አደረግኸው?» የሚለው ሰው ግን የለም። ስለዚህ ሁለት ሆናችሁ በአንድ ላፕቶፕ ሥሩ። ፔር ፕሮግራሚንግ የሚባለው ይሄ ነው። አሜሪካዊው የሶፍትዌር ባለሙያ ኬንት ቤክ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ የሚባለውን የሶፍትዌር አሠራር ዘዴ ሲያስተዋውቅ ከዋና ልማዶቹ አንዱ አድርጎት ነበር፣ አዲስ ነገር አይደለም።

አንዱ ሹፌር ነው፣ ኪቦርዱን ይይዛል። ሌላው ረዳት። የሚኒባስ ረዳት ማለቴ አይደለም፣ ሊማሊሞን የሚወጣ የጭነት መኪና ረዳት አስቡ፤ መሪውን አይነካም፣ ግን ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፣ መኪናው ወደ ኋላ ሊንሸራተት ሲል ታኮ ይዞ የሚዘለው እሱ ነው።

ታዲያ ማን ይንዳ? ያልቻለው! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔን መጀመሪያ ያስተማረኝ ሰው በጣም ጎበዝ ነበር፣ ጣቱ ይሮጣል። አጠገቡ ተቀምጬ «ገባህ?» ሲለኝ «አዎ» እላለሁ። ቤት ገብቼ ባዶ ፋይል ስከፍት ፍዝዝ። በአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም የሚማር ደቀ መዝሙር እንኳ መቋሚያውን ራሱ ይዞ ነው እንጂ የኔታን በማየት ብቻ አይማርም።

ባለፈው ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ከአንዲት ተማሪ ጋር የደንበኞች መዝገብ እንሠራ ነበር። «ፀሐይ» ብላ ስትፈልግ የለም ይላል። ስሙ ግን መዝገቡ ውስጥ አለ፣ በዓይናችን እያየነው። እኔ ነገሩ ወዲያው ገብቶኛል፣ ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብድ! ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ሰርቨር አጥፍታ አበራች፣ ባዶ ቦታ ካለ ብላ ፈተሸች፣ አስር ደቂቃ ሲሞላ «ኧረ በናትህ ንገረኝ» አለች። «መዝገቡ ላይ ያለው የትኛው ጸ ነው?» ብቻ አልኳት። ጠጋ ብላ አየች። እዚያ «ጸሐይ» ነው የተጻፈው። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ የፊደልን ቁጥር በሚያሳየው ኦርድ (ord) ሁለቱን ፊደላት ስትሞክር 4920 እና 4928 ወጣ። ለእኛ አንድ ድምፅ፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት ቁጥር። «እንዴ፣ ታዲያ ሀ እና ሐስ?» አለችና ሞክሼ ፊደላቱን ሁሉ ወደ አንድ የሚያመጣ ፈንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ፣ ራሷ ጻፈች። ቀድሜ ብነግራት ኖሮ ጸን ብቻ አስተካክላ ታልፍ ነበር።

በየ25 ደቂቃው ተቀያየሩ፣ የስልክ አላርም ይበቃል። ረዳቱ «ሴሚኮለን ረሳህ» እያለ አይነዝንዝ፣ ኮዱን የምትጽፉበት ኤዲተር ራሱ ይናገራል። ይልቅ «ይሄ ባዶ ቢመጣስ?» ብሎ ይጠይቅ። ከሁለት ሰዓት በላይ አትቀመጡ፣ ያደክማል። መብራት ከሄደና ባትሪው ካለቀ ወረቀት አውጡና ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚሄድ ሳሉ፤ እውነቱን ለመናገር ከኔ ጥሩ ሐሳቦች ግማሹ የመጡት በጨለማ ነው። ሁሉም ሥራ ግን ለሁለት አይሆንም። ተመሳሳይ ፎርም አስር ጊዜ መገልበጥ ለብቻ ይሠራ።

በሳምንት አንድ ሰዓት የሚያማክራችሁ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ «አልሠራ አለኝ» ብላችሁ አትሂዱ። ምን ሞከርኩ፣ ምን ጠበቅሁ፣ ምን ሆነ፣ ሦስቱን ጽፋችሁ ሂዱ። ግማሹ ጥያቄ ስትጽፉት ይፈታል። አማካሪ የሆናችሁ ደግሞ የራሳችሁን የተበላሸ ኮድ አሳዩ፣ ልጁ እናንተም እንደምትሳሳቱ ሲያይ መጠየቅ ይደፍራል።

አብራችሁ የጻፋችሁትን በማግስቱ ሳታዩ ለብቻችሁ ከባዶ ጻፉት። የሆነ ቦታ ድርቅ ትላላችሁ። ያንን መስመር ምልክት አድርጉበት፣ ቅዳሜ ስትገናኙ ከዚያ ትጀምራላችሁ።