ቬፑ ለምን ያርራል? የኮይል ኦምና ዋት፣ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

የዛሬ ወር ገደማ ስታዲየም አካባቢ ከሥራ ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ አንድ ጓደኛዬ ቬፑን (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራውን) አቀበለኝና «እስቲ ሳበው፣ ኮይሉ አዲስ ነው ግን አርሯል» አለኝ። አልሳብኩትም። ሽታው ራሱ ይናገራል። ስክሪኑን ሳየው 60 ዋት ላይ ነው። ኮይሉን፣ ማለትም ጁስ የሚባለውን ፈሳሽ አሙቆ የሚያተነውን ጥጥ ውስጥ ያለ ትንሽ ሽቦ፣ ፈትቼ አወጣሁትና ጎኑን አነበብኩት፦ 1.0 ኦም፣ ከስሩ በደቃቃ ጽሑፍ ከ10 እስከ 15 ዋት። በቃ፣ መልሱ እዚያው ተጽፎ ነበር። ዱባይ ሠርቶ ሲመለስ አምስት ኮይል ይዞ ነበር የመጣው፤ ሦስቱን በአንድ ሳምንት አቃጥሎ ጥሏቸዋል፣ «ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ» እያለ ሻጩን ሲያማ ነበር የከረመው። ኮይሉ ምንም አላጠፋም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገር ልበል። ሲጋራ አጭሳችሁ የማታውቁ ከሆነ ይህን ነገር አትጀምሩት። ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል፣ በእንፋሎት ሲመጣም ያው ኒኮቲን ነው። ሌላው ሕጉ ነው፦ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ወደ አገር ማስገባትንም ሆነ መሸጥን ይከለክላል። ስለዚህ የት እንደሚገኝ አልነግራችሁም። የምጽፈው ዕቃው አስቀድሞ እጃቸው ላይ ላለ፣ ቁጥሮቹ ግን ግራ ላጋቧቸው አዋቂዎች ነው። ምክንያቱም ከልክ በላይ የጋለ ኮይል ጣዕም ብቻ አይደለም የሚያበላሸው። ጁሱ ውስጥ ያሉት ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ሲያርሩ ፎርማልዴሃይድና አክሮሊን የሚባሉ መርዛማ ነገሮች ይፈጠራሉ። እሱን ነው ወደ ሳንባችሁ የምትስቡት።

መጀመሪያ ምድጃውን አስቡ

ቤታችሁ ያለውን ባለ ሽቦ የኤሌክትሪክ ምድጃ አስታውሱ። ሽቦው ሲበጠስ ምን እናደርጋለን? የተበጠሰውን ጫፍና ጫፍ ጠምዝዘን እንቀጥለዋለን። ከዚያ ምድጃው ከበፊቱ ይብሳል፣ ይቀላል፣ ሽሮው ቶሎ ይገነፍላል፣ ሽቦውም ብዙ ሳይቆይ እንደገና ይበጠሳል። ለምን? ሽቦው አጠረ። ሲያጥር መብራቱን የሚገታበት አቅም ቀነሰ። ያ የመግታት አቅም ነው በኦም የሚለካው። ኦሙ ሲቀንስ በዚያው ቮልቴጅ ብዙ መብራት ያልፋል፣ ብዙ ሙቀት ይወጣል። ዋት ደግሞ በየሰከንዱ የሚወጣው ኃይል መጠን ነው።

የቬፕ ኮይልም ያው ምድጃ ነው፣ ሚጢጢ ሆኖ ጥጥ ውስጥ የተቀበረ። ሒሳቡም ቀላል ነው፦ ቮልቱን በራሱ ታባዙትና ለኦሙ ታካፍሉታላችሁ። ሙሉ የተሞላ አንድ ባትሪ 4.2 ቮልት አለው። 1.2 ኦም ኮይል ላይ በቀጥታ ቢለቀቅ 15 ዋት ገደማ ይወጣል። 0.4 ኦም ላይ 44 ዋት። 0.2 ኦም ላይ 88 ዋት። ባትሪው አንድ ነው፣ ልዩነቱ ኮይሉ ነው።

ስክሪን ያለው ዕቃ ግን ቮልቱን ራሱ ያስተካክላል፤ እናንተ ዋቱን ትነግሩታላችሁ፣ እሱ የቀረውን ይሠራል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። 60 ዋት ካላችሁት፣ አቅሙ እስከፈቀደለት ድረስ 60 ዋት ይሰጣል፤ ኮይሉ ይችለው አይችለው ብዙ ጊዜ አያስብላችሁም። 1.0 ኦም ኮይል ቀጭንና ትንሽ ሽቦ ነው፣ ጥቂት ጥጥ ነው ያለው። 0.2 ኦም ኮይል ወፍራም ሽቦ ወይም መረብ የመሰለ ሰፊ ብረት ነው፣ ጁስ የሚገባበት ቀዳዳውም ሰፊ ነው። ለጀበና የሚበቃ እሳት ለድግስ ብረት ድስት አይበቃም፣ የድስቱን እሳት ከጀበና ስር ብታነዱት ደግሞ ቡናው ገንፍሎ ያልቃል።

በደፈናው፣ ከ0.8 ኦም በላይ ያሉት ከ8 እስከ 18 ዋት አካባቢ ይሠራሉ፣ እንደ ሲጋራ መጀመሪያ አፍ ውስጥ ተስቦ ከዚያ ወደ ውስጥ ለሚገባ አሳሳብ የተሠሩ ናቸው። ከ0.4 በታች ያሉት ከ40 ዋት ወዲያ ይጠይቃሉ፣ በቀጥታ ወደ ሳንባ ለሚስብ ሰው ነው። መሐል ያሉት መሐል ናቸው። ግን የኔን ቁጥር ተዉትና ኮይሉ ላይ የተጻፈውን እመኑ።

ያርራል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል

ዋናው ችግር ይሄ ነው። ስለዚህ መቼ እንደሚያርር ለዩ።

ከመጀመሪያው ስቦሽ ጀምሮ ካረረ ወይ ዋቱ በዝቷል ወይ ጥጡ ደረቅ ነበር። አዲስ ኮይል ደረቅ ጥጥ ነው። ከመግጠማችሁ በፊት በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎችና ከላይ በኩል ጥቂት ጠብታ ጁስ ጣሉበት፣ ታንኩን (የጁሱን መያዣ) ሙሉት፣ ከዚያ ቢያንስ 10 ደቂቃ አስቀምጡት። እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚቸኩለው! አንድ ማኪያቶ ጠጡ፣ ስትጨርሱ ይደርሳል። ከዚያ ኮይሉ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ዋት ጀምሩ፣ አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ከዚያ በአንድ በአንድ ዋት ጨምሩ። ጣዕሙ ደመቅ ብሎ እንፋሎቱ ሞቅ ሲል እዚያው ቁሙ። አንዴ ያረረ ጥጥ ዋት በመቀነስ አይድንም፤ ያረረ ሽሮ ውሃ ቢጨምሩበት ማረሩ እንደማይለቀው ማለት ነው። አውጥታችሁ ጣሉት።

መጀመሪያ ደህና ሆኖ በላይ በላዩ ስትስቡ ብቻ ካረረ፣ ጥጡ ጁስ ለመምጠጥ ጊዜ አላገኘም። በየስቦሹ መሐል ግማሽ ደቂቃ ስጡት። ጁሱም ወፍራም ሊሆን ይችላል። ጠርሙሱ ላይ 70/30 የሚል ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ 70ው ግሊሰሪን ነው፣ እሱ ደግሞ እንደ ማር ነው። ለትልልቆቹ፣ ኦማቸው ዝቅተኛ ለሆነው ኮይሎች የተሠራ ነው፣ የ1.0 ኦም ኮይል ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ቶሎ አይገባም። ለትናንሾቹ 50/50 ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ በዚያ ጠዋት ብርድ ጁሱ ይበልጥ ይወፍራል። አራት ኪሎ ዝናቡን ተጠልላችሁ ቆማችሁ ወዲያው ከመሳብ ታንኩን በመዳፋችሁ ትንሽ አሙቁት፣ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ሳምንት ሁለት ሳምንት ሠርቶ ጣዕሙ እየከሰለ ከመጣ ኮይሉ አርጅቷል። ጣፋጭ ጁስ የምትወዱ ሰዎች ቶሎ ይደርስባችኋል፤ ማጣፈጫው ሽቦው ላይ እንደ ተቃጠለ ስኳር ይጋገራል። መፍትሄው መቀየር ነው። አጥቦ መመለስን አልመክርም፣ ጥጡ የያዘውን አይለቅም።

እንፋሎቱ ሳሳ፣ ጣዕም የለውም

ይሄ የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። 0.2 ኦም ኮይል በ15 ዋት ብታስነሱት ለብ ብሎ ይቀራል። ኮይሉ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ቁጥር አልፋችሁ ውጡ። ቁጥሩ ትክክል ሆኖም ከሳሳ የአየር ማስገቢያውን እዩ፣ ባትሪው እያለቀም እንደሆነ ተመልከቱ። ስክሪን የሌላቸው ቀላል ዕቃዎች አንዳንዶቹ ባትሪው ሲወርድ ኃይላቸውም አብሮ ይወርዳል፤ በ1.2 ኦም ላይ በ4.2 ቮልት 15 ዋት የነበረው በ3.5 ቮልት 10 ዋት ይሆናል።

አንድ ሌላ ሰው የማይጠረጥረው ምክንያት አለ። ስክሪኑ ላይ በዋት ፈንታ የሙቀት ዲግሪ ካያችሁ ዕቃው በሙቀት መቆጣጠሪያ ሞድ ላይ ነው። ያ ሞድ ኒኬል፣ ቲታኒየም ወይም ስቴይንለስ ስቲል ሽቦ ይፈልጋል። ካንታል በሚባለው የተለመደ ሽቦ ላይ በትክክል አይሠራም። ወደ ዋት ሞድ መልሱት።

ይንቆረቆራል፣ ያፈሳል፣ ትኩስ ጠብታ አፍ ላይ ይረጫል

ኮይሉ ውስጥ ከሚተነው በላይ ጁስ ገብቷል። ወይ ዋቱ በጣም አንሷል፣ ወይ በትንሹ ኮይል ላይ እንደ ሺሻ በኃይል እየሳባችሁ ነው፣ ወይ ኮይሉ ጠብቆ አልገባም፣ ወይ ለትልልቅ ኮይል የሚሆነውን ወፍራም ጁስ ትታችሁ ቀጭን ጁስ 0.2 ላይ ጨምራችኋል። አፉን በሶፍት ሸፍናችሁ ወደ ታች ጠንከር አድርጋችሁ አራግፉት፣ ኮይሉን አጥብቁ፣ ሁለት ሦስት ዋት ጨምሩ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። አብዛኛው በዚህ ይፈታል።

ከአገር ውጭ የመጣ ሰው የሚገጥመው ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በባሕር ዳርቻ ከተማ ተሞልቶ የተዘጋ ታንክ ውስጥ ያለው አየር እዚህ ሲደርስ ይለጠጣል፣ ጁሱን እየገፋ በኮይሉ በኩል ያስወጣዋል። ብዙ ሰው ታንኩ የተሰነጠቀ ይመስለዋል። አልተሰነጠቀም። ጥረጉት፣ ክፈቱና ዝጉት፣ ይተዋል። ከመጓዛችሁ በፊት ባዶ ብታደርጉት ደግሞ ሻንጣችሁ ይድናል።

ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል

ይሄን ዋት ብቻ አይደለም የሚያመጣው፣ የኒኮቲኑ መጠን ነው። በአንድ ሚሊሊትር 20 ወይም 50 ሚሊግራም ያለው የኒኮቲን ሶልት (ጉሮሮ ላይ የሚለሰልስ የኒኮቲን ዓይነት) ለትናንሾቹ ኮይሎች የተሠራ ነው። እሱን 0.2 ኦም ላይ በ60 ዋት ከሳባችሁ በአንድ ስቦሽ የሚገባው ብዙ ነው። ወዲያው አቁሙ፣ አየር ወዳለበት ውጡ፣ ውሃ ጠጡ። ለትልልቅ ኮይል 3 ወይም 6 ሚሊግራም ነው የተለመደው። ማስታወክ ወይም የልብ ምት መዛባት ከመጣ ሐኪም ቤት ሂዱ። ጠርሙሱን ደግሞ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት፣ እባካችሁ! ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይሸታል፣ ሕፃን ቢጠጣው ግን መርዝ ነው።

ስክሪኑ ኮይል የለም ይላል፣ ወይም ኦሙ ይዘላል

ኮይሉ 0.8 ተብሎ ስክሪኑ 0.82 ቢያሳይ ችግር የለውም። አንዴ 0.8፣ አንዴ 1.4፣ አንዴ «ኖ አቶማይዘር» ካለ ግንኙነቱ ላልቷል ወይም ጁስ መሐል ገብቷል። ፍቱት፣ ኮይሉ የሚነካበትን ብረት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ግጠሙ፣ ግን በኃይል አታጥብቁ። «ሾርት» ካለና ኮይሉን ስትቀይሩ ከጠፋ ጥፋቱ የኮይሉ ነበር። በሌላ ኮይልም ከቀጠለ ዕቃው ራሱ ነው፣ አትጠቀሙበት።

ባትሪው ይግላል

እዚህ ላይ ብቻ ቀጥታ ልናገር፦ ከመሞከር መተው ይሻላል። ለብ ማለት ያለ ነው። ለመያዝ የሚያስቸግር ሙቀት ግን ባትሪው ከአቅሙ በላይ እየተጠየቀ ነው ማለት ነው። 18650 የሚባለው ባትሪ፣ ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር ቁመቱ 65፣ ጥሩው እንኳ ብዙ ጊዜ በተከታታይ ከ20 እስከ 25 አምፔር (የሚያልፈው መብራት መለኪያ) ነው የሚሰጠው። ሜካኒካል ሞድ በሚባለው፣ መቆጣጠሪያ ሰርኪት በሌለው ዕቃ ላይ 0.15 ኦም ብትገጥሙ 28 አምፔር ይጠይቀዋል። የሚከለክለው ሰርኪት የለም። ለጀማሪ ሜካኒካል ሞድ በጭራሽ አይሆንም፣ ስጦታም ቢሆን።

ባትሪውን የሸፈነው ስስ ላስቲክ ከተቀደደ አትጠቀሙበት። ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አትያዙት፤ ሁለቱን ጫፍ ብረት ካገናኛቸው እዚያው ኪሳችሁ ውስጥ ሊነድ ይችላል። ታክሲ ውስጥ ተጣበን ስንቀመጥ ከጎናችሁ ያለው ሰውም አለ። የፕላስቲክ ማስቀመጫ ከሌላችሁ ሁለቱን ጫፎች በፕላስተር ሸፍኗቸው። ቻርጅ ስታደርጉ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ ፍራሽ ላይ አይሁን፣ ተኝታችሁም አይሁን። ያበጠ ወይም የሚያፈስ ከሆነ ቻርጀሩን ከሶኬቱ ንቀሉት፣ ዕቃው ካልጋለ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ አውጡት፣ ከጋለ ወይም ከጨሰ ግን አትንኩት፣ ራቁ።