በሽቦ ጥቅልና በፈላ ውኃ የነፃ ኤሌክትሮኖችን ጠባይ መለካት፦ ለጅማ ተማሪዎችና መምህራን የተዘጋጀ የተግባር መመሪያ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ውስጥ የኦም ሕግ ብዙ ጊዜ በቀመርነቱ ተጠንቶ፣ ጥያቄ ተሠርቶበት ይታለፋል፤ በሽቦው ውስጥ ምን እየተከናወነ እንደሆነ ግን ተማሪው እምብዛም አይጠየቅም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አንድ ኤሌክትሮን በመዳብ ውስጥ ሳይጋጭ የሚቆይበትን እጅግ አጭር ጊዜ ለማስላት አንድ የሽቦ ጥቅል፣ አንድ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ) እና አንድ ድስት የፈላ ውኃ ይበቃሉ። የግድግዳ ሶኬት በዚህ ሥራ ውስጥ በምንም መልኩ አይነካም፤ ለመለኪያው የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ የመልቲሜትሩ ባትሪ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የሚፈለገው ቫርኒሽ የተቀባ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሲሆን፣ የተቃጠለ ሞተር በአዲስ ሽቦ የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ዘንድ ይገኛል። ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነውን ጠይቀው 20 ሜትር ያህል ይግዙ። ከዚህ የወፈረ ሽቦ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ በጣም ስለሚያንስ ተራ መልቲሜትር በትክክል ሊያነበው አይችልም። ርዝመቱን በሜትር በጥንቃቄ ለክተው ይጻፉ፤ ከዚያም ሽቦውን በሻይ ብርጭቆ ላይ ጠቅልለው ያውጡትና እንዳይፈታ በክር ይቋጥሩት። ሁለቱ ጫፎች ከውኃው በላይ እንዲቀሩ በየወገኑ አንድ ስንዝር ያህል ይተዉ። የጫፎቹን ቫርኒሽ በምላጭ ፍቀው መዳቡ እስኪያበራ ድረስ ያጽዱ፤ ይህ ካልተደረገ መልቲሜትሩ ሽቦው የተበጠሰ ያህል ያሳያል።

ቀጥሎ ሽቦው ቢቆረጥ የሚታየው ክብ ገጽ ምን ያህል ስፋት እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ውፍረቱን በማይክሮሜትር ለክቶ ወደ ስሌቱ ይገባል፤ እኔ ግን ሽቦውን ማስመዘን የተሻለ ነው እላለሁ። በውፍረት ልኬት ላይ የምትፈጠር ትንሽ ስሕተት ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ እጥፍ ትሆናለች፣ የቫርኒሹም ውፍረት ሳይታወቅ አብሮ ይለካል፤ በክብደት ግን ቫርኒሹ ከመዳቡ አንጻር እጅግ ቀላል በመሆኑ የሚያዛባው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። የወርቅ ቤት ሚዛን ለዚህ የሚያስፈልገውን ጥራት አሟልቶ ይሰጣል። ክብደቱን በርዝመቱና በመዳብ እፍጋት፣ ማለትም በ8.96 ግራም በኩብ ሴንቲ ሜትር፣ ሲያካፍሉት ስፋቱ ይገኛል። የ20 ሜትሩ ሽቦ 6 ግራም የማይሞላ ሲሆን፣ ስፋቱ ወደ 0.031 ካሬ ሚሊ ሜትር ይጠጋል።

አሁን መልቲሜትሩን በ200 ኦም ላይ አድርገው ሁለቱን መንኪያዎች (ሽቦው ላይ የሚያርፉትን የመለኪያውን ጫፎች) እርስ በርሳቸው ያነካኩ። የሚታየው ትንሽ ቁጥር የመንኪያዎቹ የራሳቸው ሬዚስታንስ ስለሆነ፣ ከእያንዳንዱ ንባብ ላይ መቀነስ አለበት። ጥቅሉን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ካቆዩ በኋላ የውኃውን ሙቀት በቴርሞሜትር፣ የሽቦውን ሬዚስታንስ በመልቲሜትር አንብበው ይመዝግቡ። ውኃው 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆን ንባቡ 10.7 ኦም አካባቢ ይሆናል። ከዚያ ውኃውን አፍልተው፣ በመፍላት ላይ እያለ ንባቡ ሲረጋ እንደገና ይመዝግቡ፤ ወደ 13.8 ኦም ያድጋል።

እዚህ ላይ የከተማዋ ከፍታ መዘንጋት የለበትም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ፣ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። መጽሐፉ 100 ስላለ ብቻ 100 ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ ሬዚስታንሱ ከቀዝቃዛው ንባብ አንጻር በእያንዳንዱ ዲግሪ የሚያድግበትን መጠን 0.0036 አድርጎ ያገኘዋል፤ በ94 ሲያሰላ ግን ለመዳብ የታወቀውን 0.0039 ያገኛል። መምህራን ይህን ልዩነት ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲደርሱበት ቢተዉላቸው መልካም ነው።

ወደ ኤሌክትሮኖቹ ለመሻገር የሚቀረው ስሌት ነው። ሬዚስታንሱን በስፋቱ አባዝተው በርዝመቱ ሲያካፍሉ የመዳቡ ሬዚስቲቪቲ፣ ማለትም በሽቦው ርዝመትና ውፍረት የማይለወጠው የመዳቡ የራሱ ተቃውሞ፣ ይወጣል፤ በ20 ዲግሪ 1.68 × 10⁻⁸ ኦም ሜትር ነው። በአንድ ኩብ ሜትር መዳብ ውስጥ ስንት ነፃ ኤሌክትሮን እንዳለ ለማወቅ ደግሞ እፍጋቱን በአቶሚክ ክብደቱ፣ በ63.55፣ ካካፈሉ በኋላ በአቮጋድሮ ቁጥር ያባዙ። እያንዳንዱ የመዳብ አቶም በአማካይ አንድ ኤሌክትሮን ለጋራው ስለሚለቅ፣ ውጤቱ 8.5 × 10²⁸ ይሆናል። በመጨረሻም የኤሌክትሮኑን ግዝፈት ለነፃ ኤሌክትሮኖቹ ብዛት፣ ለኤሌክትሮኑ ቻርጅ ካሬና ለሬዚስቲቪቲው ብዜት ያካፍሉት። የሚገኘው ቁጥር 2.5 × 10⁻¹⁴ ሰከንድ ገደማ ሲሆን፣ ይህ አንድ ኤሌክትሮን በሁለት ግጭቶች መካከል በአማካይ የሚቆይበት ጊዜ ነው።

ከነፃ ኤሌክትሮኖቹ ብዛት ሌላም ነገር ይታያል። በዚህ ሽቦ ውስጥ 0.1 አምፔር ቢያልፍ፣ ኤሌክትሮኖቹ በጋራ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚንሸራተቱት በሰከንድ 0.23 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በዚህ ፍጥነት 20 ሜትሩን ለመጨረስ ወደ 24 ሰዓት ገደማ ይወስድባቸዋል። አምፖል ማብሪያው እንደተጫነ የሚበራው በሽቦው ዙሪያ የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ መስክ ወደ ብርሃን ፍጥነት በሚጠጋ ፍጥነት ስለሚደርስና በሽቦው ሁሉ ያሉት ኤሌክትሮኖች በአንድነት መንሸራተት ስለሚጀምሩ ነው። በቤታችን ያለው ኤሌክትሪክ ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሠራ በገመዱ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮን በአማካይ ከጥቂት ማይክሮ ሜትር ርቆ አይሄድም። ስለዚህ ከግልገል ጊቤ ተነሥቶ ጅማ የሚገባ ኤሌክትሮን የለም፤ የሚደርሰን ጉልበቱ ነው፤ በመንገድ ላይ ያሉት ትራንስፎርመሮችም በሁለቱ ጥቅሎቻቸው መካከል ኤሌክትሮን አያሳልፉም።

የዚህ ሥራ ዋና ፍሬ ግን በሁለቱ ንባቦች ልዩነት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ኤሌክትሮን እ.ኤ.አ. በ1897 በታወቀ በሦስት ዓመቱ፣ በ1900፣ ፓውል ድሩደ የተባለው ጀርመናዊ ኤሌክትሮኖችን በዕቃ ውስጥ እንዳለ ጋዝ ቆጥሮ የብረታ ብረትን ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ሊያብራራ ሞከረ። በዚህ አሳብ የኤሌክትሮኖች ፍጥነት ከፍጹማዊው፣ ማለትም በኬልቪን ከሚለካው፣ ሙቀት ስኩዌር ሩት ጋር ያድጋል፤ የሚጋጩትም ባሉበት ከሚቆሙ አቶሞች ጋር ስለሆነ ሬዚስታንሱ በዚያው መጠን መጨመር ነበረበት። ከ293 ወደ 367 ኬልቪን፣ ማለትም ከ20 ወደ 94 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ሲታሰብ ጭማሪው 12 በመቶ ይሆናል። በእጅዎ ያለው ንባብ ግን 29 በመቶ ይላል። ይህን ያህል ልዩነት በመለኪያ ስሕተት ሊሸፈን አይችልም።

ማብራሪያው መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ አርኖልድ ዞመርፌልድ የኳንተም ሕግን በኤሌክትሮኖቹ ላይ ሲተገብር ነው። ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ዓይነት ሁኔታ ሊይዙ ስለማይችሉ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት በመዳብ ውስጥ በሰከንድ 1.6 ሚሊዮን ሜትር ገደማ ይሮጣሉ፤ ይህም ፍጥነት በውኃ መፍላት አይለወጥም ማለት ይቻላል። ይህን ፍጥነት ቀደም ሲል ካሰሉት የሰከንድ ቁጥር ጋር ሲያባዙት በሁለት ግጭቶች መካከል ያለው መንገድ ወደ 39 ናኖ ሜትር ይሆናል፤ ከ150 አቶሞች ርዝመት ያላነሰ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሮኑን የሚያሰናክለው ሥርዓት ጠብቆ የተደረደረው አቶም ሳይሆን የአቶሞቹ መንቀጥቀጥ ነው፤ መንቀጥቀጡም ከሙቀቱ ጋር በቀጥታ ስለሚጨምር መንገዱ ያጥራል፣ ሬዚስታንሱም ከኬልቪኑ ጋር ተቀራርቦ ያድጋል። በዚህ ስሌት የሚጠበቀው 25 በመቶ ስለሆነ ከንባብዎ ጋር በእጅጉ ይቀራረባል።

ሥራውን ለማስፋት ከተጣለ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ የማሞቂያ ሽቦ ቁራጭ ወስደው፣ ጥምዝምዙ እርስ በርሱ እንዳይነካካ ዘርግተው፣ በንጹሕ የዝናብ ውኃ ውስጥ ያንኑ ልኬት ይድገሙ። ሽቦው የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ከሆነ፣ ሬዚስታንሱ ከተመሳሳይ የመዳብ ሽቦ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል፤ በመፍላት የሚጨምረው ግን ከጥቂት በመቶ አይበልጥም። በቅይጡ ውስጥ የተለያዩ አቶሞች ያለ ሥርዓት ስለተደባለቁ ኤሌክትሮኑ ሽቦው ቀዝቃዛ እያለም በየጥቂት አቶሙ ይሰናከላል፤ ሙቀቱ የሚጨምርበት መሰናክልም ከነበረው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።