ከረጅም እረፍት በኋላ ወደ ሩጫ እንዴት ይመለሳሉ?

ሰኔ ላይ ሩጫ አቆምኩ። መጀመሪያ ዝናቡ ነበር፣ ከዚያ ጭቃው። ከዚያ እንቁጣጣሽ መጣ፣ መስቀል ተከተለ። ጥቅምት ላይ ጫማዬን ፈልጌ ሳወጣው ሶሉ ላይ የሰኔ ጭቃ ደርቆ ነበር። በእነዚያ አራት ወራት ለራሴ ደጋግሜ የምለው፣ "ፍላጎቱ ሲመጣልኝ እጀምራለሁ" ነበር። አልመጣም። ቤት ቁጭ ብለው ሲጠብቁት አይመጣም፤ ወጥተው ሰውነት ሲሞቅ ነው የሚመጣው። እኔ የመመለሻውን መንገድ ያወቅኩት ተጎድቼ ስለሆነ፣ እናንተ ሳትጎዱ እንድትመለሱ ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

1. ለምን እንዳቆማችሁ ጻፉ

"ሰንፌ ነው" አትበሉ። ሰዓት ተቀየረ? ልጅ ተወለደ? እኔ ዝናቡ ብቻ መስሎኝ ነበር። ስጽፈው ግን ዋናው ምክንያት አብሮኝ ይሮጥ የነበረው ጎረቤቴ ሰፈር መቀየሩ ሆኖ አገኘሁት። ያቆማችሁት በሕመም ከሆነ፣ ወይም ስትንቀሳቀሱ ደረታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ሐኪም ጋ ሂዱ።

2. ልብሱን ማታ አውጡ

ቱታ፣ ካልሲ፣ ጫማ፣ ቁልፍ፤ ሁሉም በር ሥር ይደር። በጥቅምት ብርድ ከአልጋ ወርዶ በጨለማ ካልሲ የሚፈልግ ሰው ተመልሶ ይተኛል። አዲስ ጫማ አሁን አትግዙ። የድሮው ሶል ካላለቀ ይበቃል። ጫማ ሲገዙ የጀመሩ ይመስላል፤ እኔ ግን ገንዘቡ ወጥቶ ሩጫው ሲቀር ደጋግሜ አይቻለሁ።

3. 10 ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ አቁሙ

ከባዱ ይሄ ነው፣ የተሳሳትኩትም እዚህ ላይ ነው። ስመለስ በመጀመሪያው ቀን መስቀል አደባባይ ሄጄ ደረጃዎቹን ልክ እንደ ሰኔው መሮጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ጥሩ ነበሩ። ከዚያ ትንፋሼ ተቆራረጠ። በየጠዋቱ እዚያ በእርምጃ የሚመላለሱ አንድ አባት አዩኝና፣ "ልጄ፣ ማን እያባረረህ ነው? ቀስ በል" አሉኝ። አልሰማኋቸውም። በነጋታው ባቴ ተሳስሮ ደረጃ የምወርደው በጎን ነበር። በሦስተኛው ቀን በእልህ ደገምኩት። በሳምንቱ ከአልጋ ወርጄ መሬት ስረግጥ ከተረከዜ በላይ ያለው ጅማት በቢላ የተነካ ያህል አመመኝ። ስድስት ሳምንት ሌላ እረፍት ወሰድኩ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሩጫ ካቆሙ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ የደም ውሃው መጠን ይቀንሳል። ልብ ለድሮው ፍጥነት ብዙ ጊዜ መምታት ይኖርበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ይሄ የበለጠ ይሰማል። ደግነቱ ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ይመለሳል። ጅማት ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ አደገኛው ጊዜ ትንፋሹ ተመልሶ "አሁንማ ደህና ነኝ" የምትሉበት ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሳምንት ነው።

በሁለተኛው ሙከራዬ እንዲህ አደረግኩ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመሃሉ አንድ አንድ ቀን እያረፍኩ። አንድ ደቂቃ ዱብ ዱብ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ። ድምሩ 10 ደቂቃ። ሁለተኛው ሳምንት 15፣ ሦስተኛው 20። ፍጥነቱን የምለካው በወሬ ነው፦ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳላቋርጥ መናገር ካቃተኝ ፈጥኛለሁ ማለት ነው።

10 ደቂቃው ሲሞላ፣ ጉልበት ቢኖራችሁም ወደ ቤት ግቡ። ሳይጠግቡ ከማዕድ እንደመነሳት ነው። የቀረው አምሮት ለሚቀጥለው ቀን ያስነሳችኋል። እኔ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ "መቼ ነው የምወጣው?" ብዬ ቀን የቆጠርኩት በዚህ መንገድ ነው።

ሕመሙንም ለዩ። ሁለቱም እግር ላይ ተበትኖ የሚሰማ፣ በሁለተኛው ቀን ብሶ የሚለቅ ቁርጥማት የጡንቻ ነው፤ አያስፈራም። አንድ እግር ላይ ብቻ ሆኖ በጣት የምትጠቁሙት ሕመም ከሆነ አቁሙ።

4. ሰው ፈልጉ

ፈጣን ሰው አይደለም፣ የማይቀር ሰው። የቀድሞ ጎረቤቴ አሁን ሌላ ሰፈር ሆኖ 12 ሰዓት ላይ ይደውላል። "ወጣህ?" ይለኛል፣ "እየወጣሁ ነው" እለዋለሁ፣ ይዘጋል። ይሄው ነው፤ ግን ይሠራል።

5. ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ ክተቱ

የድሮውን ሪከርድ የሚያሳይ ሰዓትና አፕ ለመጀመሪያው ወር ይቅር። ከራስ ጋር ማወዳደር ልብ ይሰብራል። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወስዳ፣ በመሃል ወልዳ፣ በ2000 ሲድኒ ላይ በዚያው ርቀት ዳግም አሸንፋለች። ለእሷም ቢሆን የአንድ ሳምንት ሥራ አልነበረም። እኔ የምጠቀመው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያና እስክሪብቶ ነው። የወጣሁበትን ቀን እከብበዋለሁ፤ ኪሎ ሜትር አልጽፍም።

በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ የሩጫውን ሰዓት ወደ ማታ አዙሩት፣ ምግቡ ከረጋ በኋላ። አንድ ቀን ካመለጣችሁ ለካሳ ብላችሁ እጥፍ አትሩጡ። ከሁለት ሳምንት በላይ ካመለጣችሁ ደግሞ ወደ 10 ደቂቃዋ ተመለሱ።

ብዙ ሰው ጥቅምት ላይ የሚጀምረው ኅዳር ላይ ለሚደረገው ታላቁ ሩጫ ብሎ ነው። ደስ የሚል ቀን ነው፣ ቲሸርቱን ለብሳችሁ ውጡ። ግን 10 ኪሎ ሜትር ነው። የቀራችሁ ሦስት ሳምንት ከሆነ፣ የዘንድሮውን አብዛኛውን በእርምጃ ጨርሱት።